ያልመዘገብኩት ቤት

ይህን የምነግራችሁ ሰው አውርቶልኝ አይደለም። በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

ዕለቱ ዓርብ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። በጠራራ ፀሐይ። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ወረዳ፣ የጽሕፈት ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጫለሁ።

ሥራዬ ድረ ገጽ መሥራት ነው። እዚያ ግድብ ሲሠራ የሐይቁ ውኃ የዋጣት ሀንባዊ የምትባል መንደር አለች። ተፈናቃዮቹ የድሮ ቤታቸውን በኢንተርኔት ካርታ ላይ ማየት ፈለጉ። ለዚህ ቦታ የሚያውቅ ዳታቤዝ ያስፈልጋል... እያንዳንዱ ቤት የት እንደነበረ የሚይዝ፣ ከዚህ እዚያ ስንት ሜትር ነው ሲሉት የሚመልስ።

የቤቶቹን ዝርዝር የሰጡኝ እማማ ታክ ሱንጃ ናቸው፤ የመንደሩ ተወላጅ። ሠላሳ ሰባት ቤት በቃላቸው ቆጠሩልኝ። አሮጌው ካርታ ላይ ግን ሠላሳ ስምንት ነበር። ስለቀረው ስጠይቃቸው፣ የሞክ ቤተሰብ ቤት ነው፣ እሱን ተይው አሉኝ።

ተውኩት። በእጄ አልጻፍኩትም።

ዳታቤዙን ጫንኩ። ቤቶቹን አስገባሁ። ካርታውን ስከፍት ሳቄ መጣ። ኬንትሮሱንና ኬክሮሱን አገላብጬው ኖሮ፣ መንደሩ በሙሉ ሄዶ ሰሜን ዋልታ ላይ ተከምሯል።

ከአንዲት ነጥብ በቀር።

እሷ ሐይቁ ላይ ነበረች... ትክክለኛው ቦታዋ ላይ።

አጠገቤ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ አቶ ኖ ግዋንሲክ ተቀምጠዋል። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ወር የቀራቸው ሰው ናቸው።

"እርስዎ ነዎት ያስገቡት?" አልኳቸው።

"እኔ? እንኳን ይሄን፣ ስልኬንም የምትከፍትልኝ ምራቴ ናት።"

ሳቅን። ነጥቧን አጠፋኋት። ስህተቱን አርሜ እንደገና አስገባሁ። ስንት ቤት አለ ብዬ ጠየቅሁት።

ሠላሳ ስምንት።

ዳታቤዙን ከነሥሩ ነቅዬ ጣልኩት። እንደ አዲስ ጫንኩት። አንድም ቤት ሳላስገባ፣ ባዶ መሆኑን ለማየት ብቻ ጠየቅሁት።

አንድ።

አቶ ኖ ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ። አሁን አይቀልዱም።

"የት ነው?" አሉ በሹክሹክታ።

እኛ ያለንበትን ቦታ ሰጥቼ ርቀቱን አስለካሁት። ሺህ ስምንት መቶ አርባ ሜትር። ሐይቁ ነው።

የተሳሳትኩ መስሎኝ ደገምኩት... ሺህ ሦስት መቶ።

ደገምኩት።

ሰባት መቶ።

ስልክ አንስቼ እማማ ታክ ጋ ደወልኩ። የሆነውን ነገርኳቸው። ከዚያ ቀስ ብለው አወሩ። ሞኮች ከቀያችን አንወጣም ብለው አስቸግረው ነበር። ውኃው ሊለቀቅ ሲል ሰው ሁሉ፣ ሞኮች ሌሊቱን ወጥተው ሄደዋል አለ። የመንደሩ ሹም የእማማ ታክ አባት ነበሩ። ቤቱ ባዶ ነው ብለው ፈረሙ።

"በሩ ግን ከውጭ ተቆልፎ ነበር" አሉኝ። "የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ... አይቻለሁ።"

"ርቀቱን ጠይቀሻል?"

"ሦስት ጊዜ።"

"ከየት ብለሽ?"

"ከዚህ... ከቢሮው።"

"ወይኔ ልጄ። ያለሽበትን ነግረሻቸዋላ።"

የኮምፒዩተሩን ገመድ ከግድግዳው ነቀልኩት። ስክሪኑ ጠፋ።

በማግስቱ ሥራውን ለቀቅሁ። ካርታውን ሌላ ሰው ጨረሰው፤ ስንት ቤት እንዳለበት ግን እስከ ዛሬ ከፍቼ አላየሁም። እማማ ታክ በዚያው ሳምንት ፖሊስ ጣቢያ ሄደው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የያዙትን ተናገሩ። በሕይወት ካሉት መሃል ግን የሚጠየቅ ሰው አልተገኘም።

አቶ ኖ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ተናግረው አያውቁም። እኔም ለማንም ያልነገርኩት ይሄኛውን ነው።

ገመዱን እንደነቀልኩ አቶ ኖ ተነሥተው ወደ መስኮቱ ሄዱ። እዚያው ደርቀው ቀሩ። ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩ።

"ድምፅ አታሰሚ" አሉኝ።

ከታች፣ መኪና ማቆሚያው መሃል፣ አንድ ቤተሰብ ቆሟል። አባት፣ እናት፣ ልጆች፣ አንዲት አሮጊት። ልብሳቸው ደረቅ ነው። ጥላቸው አስፋልቱ ላይ ወድቋል። ሁሉም አንጋጠው ወደ እኛ መስኮት ያያሉ።

የዛፎቹ ቅጠል ንቅንቅ አይልም።

የሰዎቹ ፀጉር ግን ወደ ላይ ተነሥቶ፣ እንደ ሐይቅ ውስጥ ሣር፣ ቀስ... ቀስ እያለ ይወዛወዝ ነበር።