በብርቱካን የተጠራ አጋዘን

ፈዲላ ወደ ሱቁ ስትመጣ የዓለምወርቅ ለአንዲት የሶዌቶ ደንበኛ መጋረጃ እየለካች ነበር። ፈዲላ ጥቁር ሻርፗን እስከ አገጯ ስባ በሩ ላይ ቆመች እንጂ ግቢ ብትባልም አልተቀመጠችም። ባሏ ሻፊ ቅዳሜ ጠዋት በጥይት ተመትቶ መሞቱን የጆበርጉ የሐበሻ ሰፈር ጀፕ ሁሉ ሰምቷል። የዓለምወርቅ መቀሱን አስቀምጣ ደንበኛዋን ለነገ ቀጠረቻት።

«እትዬ፣ ሬሳውን ዛሬ ይሰጡናል» አለች ፈዲላ። «ከዐስር ሶላት በኋላ ይቀበራል። ጀናዛውን ከፊት የሚይዘው ወንድሜ አዩብ ነው። ሰው ደግሞ ገዳዩ አዩብ ነው ይላል።»

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እኔማ ምን ልበል? ባሌን የገደለ እጅ ባሌን እንዲሸከም አልፈቅድም። ካልገደለው ደግሞ በሰው ወሬ ወንድሜን ከሬሳ ላይ ላባርር ነው። ሁለቱንም አልችልም። ከቀብሩ በፊት እውነቱን ይንገሩኝ።»

የዓለምወርቅ አዲስ አበባ ሳለች ስሟ የተጠራ የወንጀል መርማሪ ነበረች። ጆበርግ መጋረጃ ሻጭ አደረጋት እንጂ ዓይኗን አልቀየረውም፤ ሰው ክፉ ነገር ሲደርስበት በገዛ ቋንቋው የሚጠይቅለት ፈልጎ የእሷን በር ያንኳኳል። በዚህ ጉዳይ ግን ልቧ ከበደ፤ ምክንያት ነበራት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሻፊ፣ አዩብና የሥጋ ቤቱ ባለቤት አንዱዓለም ከክሊፕታውን ማዶ ራቅ ብሎ፣ የበዓል በግ የሚያስቀምጡባት ፕሎት የሚሏት አንዲት ቁራሽ የእርሻ መሬት በጋራ ተከራይተዋል። ፕሎቷ ኦም ፍሎሪስ ከሚባሉ ሽማግሌ ነጭ ሰፊ ርስት ጋር አጥር ትጋራለች፤ ርስቱ ውስጥ ደግሞ አጋዘን አለ። የዚህ አገር ክረምት ደረቅ ነው። ሣሩ ሲያልቅ ሦስቱ ሰዎች ከገበያ የተረፈ ብርቱካን እየጫኑ አጥሩን ተከትለው በራሳቸው በኩል ይደፋሉ። አጋዘን ብርቱካን ከሸተተው አጥር አያግደውም፤ ዘሎ ይመጣል፤ ሲመጣም ይመታል። «እኛ አልሄድንበት፣ እሱ መጣልን» ይላሉ።

ለሙስሊሙ የሚሆነውን አዩብ ይተኩሳል፣ ሻፊ ሮጦ ነፍሱ ሳትወጣ ያርዳል። ለክርስቲያኑ የሚሆነውን አንዱዓለም ራሱ ተኩሶ ራሱ ያርዳል። አንዱ የሌላውን ሥጋ አይቀምስም፤ ብርቱካኑን ግን አብረው ይደፋሉ። ጀፕም ይበላል። የዓለምወርቅም በአንዱዓለም ቤት ጣቷን እየላሰች በልታለች፤ ከየት መጣ ብላ አንድ ቀን አልጠየቀችም። እሷን የመሰለች ጠያቂ!

«ዓርብ ዕለት ምን ተፈጠረ?» አለች።

«ሻፊ ልቡ እምቢ አለው። ሼኹን ቢጠይቅ ‹ከሰው ግቢ አባብለህ ያወጣኸውን አውሬ ቢስሚላህ ማለት ብቻ አያጠራልህም› አሉት። ለሽማግሌው ሄጄ ነግሬ፣ አውፍ በለኝ ብዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ ብሎ ተነሣ። አዩብ መሀል መንገድ ላይ ‹ከተናገርክ ጀናዛህን አልሸከምም!› ብሎ ጮኸበት። ያልሰማ የለም።»

«ማታስ?»

«በላ፣ ሰገደ። የማረጃ ቢላዋውን አጥቦ ሰጠኝና ‹ከዛሬ ወዲያ ሽንኩርት ክተፊበት› አለኝ። ሲነጋ ስነሣ ወጥቷል።»

የአንዱዓለም ሥጋ ቤት እዚያው ጎዳና ላይ ነው። ፍልሰታ በመሆኑ ሥጋ መስቀያው ባዶ ነበር፤ እሱ ግን ባዶውን መስቀያ ደጋግሞ ይወለውላል። የዓለምወርቅ እዚህ አገር ስትገባ መጀመሪያ ያስጠጋት ይህ ሰው ነው። ዓይኗን ሳያይ ወንበር ሳበላት።

«ቅዳሜ ጠዋት የት ነበርክ?»

«እዚሁ። በጾም ወዴት እሄዳለሁ?»

«ለጾሙ ፍቺ ሥጋ ቃል የገባህላቸው ብዙ ናቸው አሉ።»

ጨርቁን ጨመቀ። «አንቺም አለሽበት።»

«ሻፊ ምን ያገኘው ይመስልሃል?»

«ደግ ሰው ነበር ሻፊ። ደግ ሰው። እንደ ልማዳቸው የሆነ ይመስለኛል። አዩብ ተኮሰ፣ ሻፊ ሮጦ አረደ፤ ከዚያ የዓርቡ ንዴት ተነሣ። ቢላዋውን እንደ ጨበጠ ነው የተገኘው አሉ። አዩብ ነው አልልሽም፤ እግዜር ይወቅ።»

«አልልም እያልክ አልክ እኮ፣ አንዱዓለም።»

ሌላ ቀን ቢሆን ይስቅ ነበር። መስቀያውን መወልወል ቀጠለ።

ወደ ፕሎቷ የወሰዳት አዩብ ራሱ ነው። ባኪ የሚሏትን ፒክአፑን እየነዳ ጎዳናው ላይ እንዳፈጠጠ፣ ሳትጠይቀው ጀመረ።

«ጀርሚስተን ያለውን ሱቄን ስከፍት ነበርኩ፤ ብቻዬን። ማን ይመሰክርልኛል? ጠመንጃው የእኔ ነው፣ ፈቃዱም በስሜ ነው። የጠመንጃው ካዝና ቁልፍ ግን ፕሎቷ ቤት ተንጠልጥሎ ይውላል፤ ሦስታችንም እናነሣዋለን። ሁለት ቀለሃ እኛ ከምንደበቅበት የሣር ክምር ውስጥ ተገኝቷል። እትዬ፣ ጉዳዩን በያዘው የፖሊስ ዲቴክቲቭ ቦታ ብሆን እኔም እኔን እይዝ ነበር።»

«ገደልከው ወይ?»

«ወላሂ አልገደልኩም። ግን ብርቱካኑን መጀመሪያ የደፋሁት እኔ ነኝ። ‹አጋዘኑ በእግሩ መጣ፣ ምን አገባን?› ያልኩትም እኔ። ያንን የጀናዛ ነገር የተናገረውም ይኸው አፌ ነው።» ባኪውን መንገድ ዳር አቆመው። የዓለምወርቅ አላባበለችውም፤ አልቅሶ እስኪወጣለት ጠበቀች።

ኦም ፍሎሪስ አጥሩ ጋ ቆመው አገኟቸው። ሬሳውን ያገኙትና ፖሊስ የጠሩት እሳቸው ናቸው። ባርኔጣቸውን እጃቸው ላይ እያዞሩ በእንግሊዝኛ ተናገሩ።

«አንድ ተኩስ ሰማሁ፤ ጥቂት ቆይቶ ሌላ። ቶሎ ግን አልመጣሁም፤ የለመድኩት ሌብነት ነው ብዬ ካሜራ ያለውን ስልኬን ስፈልግ ቆየሁ። ስደርስ ሰውየው ሞቷል፣ አጋዘኔ ታርዷል። ሌላ ሰው አልነበረም።»

«‹አጥሬ ሥር ያገኘሁት ላይ እተኩሳለሁ› ብለው ነበር ይባላል።»

«ብያለሁ። ስናገር እንጂ ስተኩስ ማንም አላየኝም።» ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ይህ ሰው ዓርብ ከሰዓት በሬ ድረስ መጥቶ ነበር። የምነግርህ ነገር አለ አለኝ። ሊለምነኝ መስሎኝ ውሾቹን ለቀቅሁበት። ነገ እመለሳለሁ ብሎ ሄደ።»

በስልካቸው ያነሡትን ፎቶ አሳዩዋት። ሻፊ ግራጫ ካፖርቱን እንደ ለበሰ በጎኑ ተጋድሟል፤ ደም የነካው ቢላዋ እጁ ላይ ነው። የካፖርቱ ኪሶች ተወጥረዋል፣ ከአንደኛው አንድ የበሰበሰ ብርቱካን ተንከባሎ ወጥቷል። አጠገቡ ያለው አጋዘን አካሉ ወደ አጥሩ ወድቋል። አንገቱ ግን በግድ ተጠምዝዟል፤ አዲስ የወጣችው ፀሐይ ፊት ለፊት ታበራበታለች።

«እርስዎ አውሬ ሲመቱ ፊቱን ወዴት አዙረው ነው የሚያርዱት?» አለቻቸው።

«ፊቱን? ሰቅዬ ደሙን አፈሳለሁ እንጂ ፊቱን ለምን አዞራለሁ?»

«አንተስ አዩብ? ከዚህ ቦታ ዞራችሁ የምትሰግዱበት ቂብላ ወዴት ነው?»

አዩብ ሳያመነታ ጣቱን ወደ ከተማው ሕንፃዎች፣ ወደ ሰሜን ቀሰረ። የዓለምወርቅ ፎቶውን ደግማ አየችው። አሁን ያወቀችውን ባታውቀው ትወድ ነበር። ስልኳን አውጥታ ለዲቴክቲቩ ደወለች፤ ኦም ፍሎሪስንም አብረዋቸው ጀፕ ድረስ እንዲመጡ ለመነቻቸው።

ለቅሶ ቤቱ የሻፊ መኖሪያ ነበር፤ ከሱቆቹ በላይ ያለ አፓርታማ። ጀናዛው መስጊድ እስኪደርስ ወንዶቹ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠዋል። አንዱዓለም ጥግ ይዟል፤ አዩብ በሩ አጠገብ ነው፣ ማንም አጠገቡ አልተቀመጠም። ኦም ፍሎሪስ ወንበር ተሰጥቷቸዋል። ፈዲላ ከሴቶቹ መሀል ተነሥታ መጣችና ቆመች።

«ጊዜ የለንም፤ እንዳየሁት ልናገር» አለች የዓለምወርቅ። «ሻፊ አድኖ ሞተ ተባለ። ሊያርድ የሚሮጥ ሰው ግን ኪሱን በበሰበሰ ብርቱካን አይሞላም። ሻፊ ቅዳሜ ጠዋት የሄደው ማባበያውን ሊለቅም ነው። ሽማግሌው ፊት ከመቆሙ በፊት አጥሩን ሊያጸዳ።»

ኦም ፍሎሪስ የተባለው ሲተረጎምላቸው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ጫኑት።

«ፈዲላ፣ የባልሽ ማረጃ ቢላዋ የት ነው?»

ፈዲላ ወደ ወጥ ቤት ገብታ ቢላዋውን ይዛ ተመለሰች። ታጥቦ እንደ ተሰጣት ነው። ሰው ሁሉ አየው።

«እንግዲያው እጁ ላይ የተገኘው የሌላ ሰው ቢላዋ ነው። አስጨብጠውታል። ለምን? አዩብ ሲተኩስ ሻፊ ሲያርድ የነበሩ እንዲመስል። ይህን ያሰበ ሰው የሁለቱን ልማድ ያውቃል፤ የካዝናው ቁልፍ የት እንደሚንጠለጠልም ያውቃል። ሻፊ ያረደው እንዲመስልም አጋዘኑን ራሱ አረደው።»

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል።

«እዚህ ላይ እጁ ከዳው። አዩብ ቢያርደው ወደ ቂብላ፣ ወደ ሰሜን ባዞረው ነበር። ኦም ፍሎሪስ ወደ የትም አያዞሩም። የዚህ አጋዘን አንገት ግን ተጠምዝዞ ወደ ፀሐይ መውጫ ዞሯል። አባቴ በግ ሲያርድ ፊቱን ወደ ምሥራቅ መልሶ፣ በስመ አብ ብሎ ነበር። ያንተስ አባት፣ አንዱዓለም?»

አንዱዓለም ቀና አላለም። «እንደሱ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «እጄ ነው ያዞረው፤ እኔ ማዞሬንም አላወቅሁም።»

አዩብ ዘሎ ሊነሣ ሲል ጎረቤቶቹ ያዙት።

«ለፍቺው ሥጋ ቃል ገብቼ ነበር» አለ አንዱዓለም። «ሻፊ ከመናገሩ በፊት አንዴ፣ የመጨረሻ አንዴ ብዬ ሄድኩ። ብርቱካኑ በረጅሙ ነው የተደፋው፤ ሻፊ ከወዲያኛው ጫፍ ሲለቅም ከመደበቂያዬ አይታይም። አጋዘኑ በወዲህ ገባ፣ መታሁት፣ ወደቀ። ከዚያ ሣሩ ተነቃነቀ። ግራጫ ነገር ጎንበስ አለ። ሊነሣብኝ ነው ብዬ ደገምኩ። ማባበያው ላይ የሚንቀሳቀስ ሁሉ አጋዘን ነው ብዬ ነው፤ አላጣራሁም። ተኩሱን ሰምቶ ሮጦ መጥቶ ኖሯል። ለአውሬው አዝኖለት ኖሯል!» ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ፈዲላ፣ ማርያምን፣ ስህተት ነው።»

ፈዲላ ቢላዋውን እንደ ያዘች ቀረበችው።

«ጥይቱን ስህተት ነው ልበል» አለች። «ቢላዋውስ?»

የያዘችውን ቢላዋ ከፍ አድርጋ አሳየችው።

«ባሌ ቢላዋውን አጥቦ፣ ተውበት አድርጎ ነው ከዚህ ቤት የወጣው። አንተ የተወውን ኃጢአት መልሰህ እጁ ላይ አስጨበጥከው። ወንድሜን ደግሞ በገዛ እህቱ ፊት ነፍሰ ገዳይ አደረግኸው። ይሄም ስህተት ነው?»

አንዱዓለም ተነሣ። ዲቴክቲቩ ታች በር ላይ እንደሚጠብቅ የዓለምወርቅ ነገረችው። አጠገቧ ሲደርስ ቆመ።

«አንቺም እኮ በልተሻል፣ የዓለም።»

«በልቻለሁ» አለች። የደረጃው ኮቴ እስኪጠፋ አዳመጠች።

ፈዲላ ወደ ኦም ፍሎሪስ ዞረች። «አዩብ፣ ንገርልኝ። ባሌ ነገ እመለሳለሁ ያለው አውፍ ሊጠይቅ ነው። እሱ ሳይደርስ ቀረ፤ እኔ እጠይቃለሁ በላቸው።»

አዩብ እንባውን እየዋጠ ተረጎመ። ሽማግሌው ከወንበራቸው ተነሡ። «በሬን መክፈት ነበረብኝ» አሉ። ቀጥሎ ያሉት በራሳቸው ቋንቋ ነበርና የገባው ሰው የለም።

ጀናዛው መስጊድ መድረሱ ተነገረ። ወንዶቹ ተነሡ፤ አዩብ ብቻ ከቦታው አልተነቃነቀም።

«ሂድ እንጂ» አለችው ፈዲላ። «ከፊት ያዝ።»

«አልሸከምህም ብዬው ነበር እኮ።»

«እየተሸከምክ አውፍ በለኝ በለው።»

ወንዶቹ ሲወጡ ቤቱ ሰፋ። ፈዲላ ወደ ወጥ ቤት ገብታ የሽንኩርት ጆንያ ፈታች። ሴቶቹ ዛሬ አንቺ እሳት አትነኪም፣ እኛ አለን ብለው ሊያስቀምጧት ሞከሩ።

«ክተፊበት ብሎኛል» አለች።

የዓለምወርቅ እጅጌዋን ሰብስባ አጠገቧ ቆመች። አንድ ሽንኩርት አንሥታ መላጥ ጀመረች። ቢላዋው ገና ሳያርፍበት ዓይኖቿ አነቡ።