ሱሪው ለሚወልቅበት

ልጁን የሰደበው አጎቱ ነው። ቅዳሜ ጠዋት፣ ነዳጅ ማደያው ላይ። ነዳጅ ቀጂዋ ቱቦውን እንደያዘች ሰምታለች፤ የብስክሌታቸውን ጎማ የሚያስነፉ ሁለት የክፍሉ ልጆችም ሰምተዋል። ልጁ የመኪናውን ቀበቶ ጎትቶ ሊያስር ሲል፣ አጎቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ምነው ጃል! ቀበቶ እኮ ሱሪው ለሚወልቅበት ሰው ነው!» አለ።

ነዳጅ ቀጂዋ በሳቅ ፈረሰች። የልጆቹማ አይወራ።

«እርስዎስ ጋሼ? አስረው የለ እንዴ?» አለ ልጁ፣ ጆሮው እየጋለ።

«የኔ ለትራፊክ ፖሊስ ነው። ያንተ ለፍርሃት ነው። ፋራ አትሁን፣ ልቀቀው!»

ለቀቀው። ቀበቶው ሸርተት ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። ማደያውን ለቀው ብዙም ሳይርቁ አንድ የጭነት መኪና ቀይ መብራት ጥሶ ፊታቸው ድቅን አለ። አጎቱን ቀበቶው ያዘው። ልጁን የያዘው ዳሽቦርዱ ነው፤ የያዘውም በሁለት የፊት ጥርሶቹ ነው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። አጎቱ ያችን ንግግሩን ረስቷታል። እንዲህ ያለ ሰው ተናግሮ እጁን ታጥቦ ይተኛል። ልጁ ግን በምን አንጀቱ ይርሳ? አሁን «ሰ» ያለችበት ቃል ከአፉ በወጣ ቁጥር በጥርሱ ክፍተት ያፏጫል። ክፍል ውስጥ «ፉጨት» የሚል ስም ወጥቶለታል። የሒሳብ መምህሩ አስነስቶ ሲጠይቀው፣ መልሱ ስልሳ ስድስት መሆኑን እያወቀ «አላውቅም» ብሎ ተቀመጠ። «አላውቅም» «ሰ» የላትም።

ዛሬ ደግሞ ጋራዥ ውስጥ፣ አፍንጫዋ ከተጨፈለቀው መኪና አጠገብ፣ ከእናቱና ከአጎቱ ጋር ቆሟል። የጭነት መኪናው ኢንሹራንስ መርማሪ ልኳል። አጎቱ ጠዋት እነሱ መኖሪያ ክፍል ድረስ መጥቶ አስጠንቅቆታል። ክፍሏም የሱው ናት፤ ግቢው ጥግ ላይ ያለች፣ አባቱ ከሞተ ወዲህ ልጁና እናቱ የሚኖሩባት።

«‹አስሬ ነበር› በል። ሁለት ቃል ነው፣ ሌላ አትቀባጥር» ነበር ያለው። «ቀበቶ ያላሰረ ሰው ካሳው ይቀነስበታል። ያኔ ጥርስህን ማን ያስተክልልሃል?»

«ወንድምዓለም እውነቱን ነው ልጄ» አለች እናቱ። «ለራስህ ብሎ ነው።»

ለራስህ! ልጁን ያንገበገበው ይኸው ነው። ቅዳሜ ያሰረ ፈሪ ነበር፤ ዛሬ አስሬ ነበር ብለህ ማል ይባላል።

መርማሪዋ እጅጌዋን የሰበሰበች፣ ወሬ የማታበዛ ሴት ናት። መጀመሪያ የሹፌሩን፣ የአጎቱን ቀበቶ ሳበች። ግማሽ መንገድ መጥቶ ነከሰ፤ ጨርቁ ተለጥጦ ጫፍ ጫፉ ተጨማዷል፤ ብትለቀውም አልተመለሰም። ቀጥላ የልጁን ሳበች። እንደ አዲስ ተንሸራቶ መጣላት፤ ስትለቀው «ዥው» ብሎ ገባ።

«ይኼ ሰው አልያዘም» አለች።

ልጁ «አስሬ» ሊል የከፈተውን አፍ ዘጋ። አጎቱ ግን ሰከንድ አልፈጀበትም።

«እኔም እኮ ልነግርዎ ነበር! እሰር ብዬ ለመንኩት፣ በአባትህ አልኩት። የዛሬ ልጆች ምን ጆሮ አላቸው? እምቢ አለኝ።»

ልጁ ዞሮ አየው። አጎቱ ዓይኑን እንኳ አልሰበረም።

መርማሪዋ ቀበቶውን ትታ ወደ ልጁ ቀረበች። «ካሳው መቀነሱ አይቀርም። ጥያቄው በማን ላይ ነው የሚለው ነው። ራስህ እምቢ ብለህ ከሆነ ከጥርስህ ሕክምና ላይ ይቀነሳል። ሹፌሩ ከልክሎህ ከሆነ ግን የጎደለውን የሚሞላው እሱ ነው። እምቢ ብለህ ነው?»

እናቱ ከኋላው የሹራቡን ጫፍ ያዝ አደረገች። ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቶታል፦ ክፍሏን አስብ ማለቷ ነው፤ ክረምት ሊገባ ነው ማለቷ ነው።

«አዎ» ቢል ያልቃል። «አዎ» «ሰ» የላትም። አይፏጭባትም፣ ማንም አይስቅበትም፣ አጎቱም ነገ ትምህርት ቤት ያደርሰዋል። ቃሏ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር።

«ላስር ስል ጋሼ ከለከሉኝ» አለ።

ፉጨቱ ከጋራዡ ቆርቆሮ ጣሪያ ጋር ተጋጭቶ ተመለሰ። ከወዲያኛው መኪና ሥር የተጋደመ በያጅ ሳቁ አመለጠው።

«አልሰማሁህም፤ ምን አልክ?» አለች መርማሪዋ።

ልጁ አየር ሳበ። «ላስር ስል ከለከሉኝ! ቀበቶ ሱሪው ለሚወልቅበት ሰው ነው አሉኝ። ነዳጅ ቀጂዋ ሰምታለች፤ ይጠይቋት!»

«ሱሪ» ላይ ያፏጨው ፉጨት ብቻውን ውሻ ይጠራል። በዚህኛው ግን በያጁም አልሳቀ።

መርማሪዋ ራሷን ነቀነቀች። «እሺ። ማደያው የት እንደሆነ ንገረኝ።» ነገራትና ሄደች።

ከጋራዡ ሲወጡ አጎቱ የተዋሳት መኪና ውጭ ቆማለች። እናቱ አንገቷን ደፍታ ከኋላ ገባች። አጎቱ መሪውን ጨብጦ በመስኮቱ ጮኸ።

«ያጎረሰህን እጅ ነከስክ አይደል? በየትኛው ጥርስህ ነው የነከስከው አንተ?»

ልጁ የፊተኛውን በር ከፍቶ ቆመ። ከኋላ ወንበር «ቀጭ» የሚል ድምፅ ተሰማ። እናቱ ቀበቶዋን አስራ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ወደ ውጭ ታያለች።

«አንቺም ደግሞ ጀመርሽ?» አለ አጎቱ በመስታወቱ እያያት። ወደ ልጁ ዞረ። «ግባ እንጂ! ምን ይገትርሃል?»

ልጁ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።

«ወዴት ነው? እሺ የት ልታድር ነው? አንተን እኮ ነው! ሱሪው የወለቀ!»

መልስ ነበረው። ከቅዳሜ ጀምሮ ሲያብላላው የከረመ፣ ከዳር እስከ ዳር «ሰ» የሞላበት መልስ። ከንፈሩን ገጠመ። ሱሪውን ወደ ላይ ሳብ አድርጎ በእግረኛው መንገድ ሄደ።