ሸለምጥማጥ የማይገባበት ቤት

ሽማግሌው ማኮካ ራሱ አቅዶ በሠራው የዶሮ ቤት ውስጥ፣ አልጋው ላይ ሞቶ ተገኘ። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሮ ስለነበር ልጁ ኬምባ በመጥረቢያ ሰብሮ ነው የገባው። መርማሪዋ ናብዊሌ ከቡንጎማ ከተማ ስትደርስ የመንደሩ ጎረምሶች ጎረቤቱን ሲኮያን ከበው ቤቱን ሊያቃጥሉበት ክብሪት ይዘዋል።

«መርዞ ነው የገደለው!» አለ ኬምባ። «ዶሮዎቻችን ማሽላውን ስለጫሩበት እጨርሳቸዋለሁ ብሎ ዝቷል!»

«የዛትኩት በዶሮዎቹ ነው» አለ ሲኮያ። «ማኮካ እኮ አብሮ አደጌ ነው።»

«ክብሪቱን ወዲህ በሉ» አለች ናብዊሌ። «ሰው በአፍ ብቻ አይፈረድበትም።»

ቤቱ የድሃ ሰው ብልሃት ነበር። ግድግዳው ከጣውላ ሽርፍራፊ ተሠርቶ ክፍተቱ በጭቃ ተመርጓል፤ ጣሪያው አሮጌ ቆርቆሮ ነው። የዶሮዎቹ መዋያ ደጅ ላይ በሽቦ ታጥሯል፤ ሸለምጥማጥ ቆፍሮ እንዳይገባም ሽቦው ክንድ ያህል ተቀብሯል። ሌባው ደግሞ ስለበዛ ሽማግሌው አልጋውን ጭምር እዚያው አስገብቶ ነበር።

ከአልጋው አጠገብ ሳጥን ውስጥ ጫጩቶቹ አልቀዋል፤ ንክሻ የለባቸውም። በሽቦው ውስጥ ያሉት ዶሮዎች ግን ምንም ሳይሆኑ መሬቱን ይጭራሉ። የሟቹ ጥፍሮች እንደ ጤነኛ ሰው ደም የሞላባቸው ናቸው። ወለሉ ላይ፣ ከሰጋቱራው መሐል፣ ክብ ሆኖ የጠቆረ ቦታ አየች።

«እዚህ ምን ነበር?»

«የከሰል ምድጃ» አለ ኬምባ። «ሰጋቱራው እንዳይቀጣጠል ገና ስገባ አወጣሁት። አባባን ሳይ ምድጃውን ጭራሽ ረሳሁት።»

ናብዊሌ በጓሮ ዞረች። ከጣሪያው ሥር ያለው የአየር ማናፈሻ ከውጭ በእበትና በጭቃ ተደፍኗል፤ ጭቃው ገና አልደረቀም። በዚህ አገር መምረግ የሴት ሥራ ነውና የኬምባን ሚስት ናንጃላን ማድ ቤት ሄዳ ጠየቀቻት።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለች ናንጃላ። «ትናንት ከሰዓት። ጫጩቶቹን ብርድ ሊጨርሳቸው ነው ሲባል አሳዘኑኝ።»

«ወደ ውስጥ አላየሽም?»

ናንጃላ ደነገጠች። «አማቴ የሚተኛበትን? ኧረ በስማም! አልጋው እንዳይታየኝ ፊቴን አዙሬ ነው የመረግሁት።»

«ለእሱስ አልነገርሽውም?»

«እትዬ፣ ወጋችን ሆኖ ከተዳርኩ ጀምሮ አማቴን ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም። የምንነጋገረው በኬምባ በኩል ነው።»

ናብዊሌ ልቧ አዘነ። ብትተወው ደስ ባላት ነበር፤ ግን ሲኮያ ደጅ ላይ ተከቦ ነው።

ሁሉንም ሰብስባ በመካከላቸው ቆመች።

«ዶሮ ሊጨርስ የዛተ ሰው ደጅ ያሉትን ዶሮዎች ትቶ፣ በተቀረቀረ በር ገብቶ ጫጩት አይመርዝም። ጫጩቶቹንም ማኮካንም የገደለው በአንድ ቤት የተነፈሱት አየር ነው። ማኮካ ጫጩቶቹን ሊያሞቅ ያስገባው ምድጃ ሰጋቱራውን አጥቁሮ ምልክቱን ትቷል፤ የሟቹን ጥፍር ያቀላውም የከሰል ጭስ ነው። ኬምባ፣ አባትህ ትናንት ምን አለህ?»

«ጫጩቶቹ በረዳቸው አለኝ። ለናንጃላ ነገርኳት።»

«እሷስ?»

«ማናፈሻውን እደፍነዋለሁ፣ ንገረው አለችኝ።»

«ነገርከው?»

ኬምባ አፈር አፈሩን አየ። «ገበያ አመሸሁ። ስመጣ በሩን ዘግቷል፤ ነገ እነግረዋለሁ ብዬ ተኛሁ።»

«እሷ ምድጃውን አላየች፤ እሱ ጭቃውን አላየም» አለች ናብዊሌ። «ሁለቱም ለእነዚያ ጫጩቶች ሲያዝኑ የከሰሉ ጭስ መውጫ አጣ። ገዳይ የለም።»

ጎረምሶቹ አንድ በአንድ ተበተኑ። ሲኮያ ግን አልሄደም፤ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ለጓደኛው አለቀሰ።

«በእጄ ገደልኩት!» አለች ናንጃላ ደረቷን እየደቃች። «ምን ብሎ እንደሚጠራኝ እንኳ ሳላውቅ!»

«ልጄ ነበር የሚልሽ» አለ ኬምባ፤ እንባው አገጩ ላይ ደርሷል። «ምግብሽን በበላ ቁጥር ‹ልጄን እጇ ይባረክ በላት› ይለኝ ነበር። አንድ ቀንም አልነገርኩሽም።»