ያጠበብኩት ኮት

ሰፈሩ በቃኝ ብሎ ነበር የሚጠራው። ብስክሌት ጠጋኝ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ደንበኛ ቆሞ ቢጠብቅም እንኳ እጁን በጨርቅ ጠርጎ «ለዛሬ በቃኝ» ይልና ሱቁን ይዘጋል። እኔ ከመንገዱ ማዶ የሙሽራ ልብስ እሰፋ ነበር። እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

የተዋወቅነው የስፌት መኪናዬ ጠፍር የተበጠሰ ቀን ነው። ሙሽራዋ ከሰዓት ልትወስድ ትመጣለች፣ ቀሚሱ ገና አንድ እጅጌ ይቀረዋል። የተበጠሰውን ጠፍር ይዤ መንገዱን ተሻገርኩ። እኔን አየ፣ ጠፍሩን አየ። ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ ቀጭን ላስቲክ ቆርጦ፣ ጫፍና ጫፉን አጣብቆ፣ ራሱ መጥቶ ገጠመልኝ። ስንት ልክፈል ስለው ለዛሬ የሚሆነውን እንዳገኘ ነገረኝ። የሚቀልድብኝ መስሎኝ ተናደድኩ። ሲወጣ ግን በሩ ላይ ዞር ብሎ ትንሽ ቆየ። የሚያየው ቀሚሱን አልነበረም። ያን እጅጌ ሁለቴ አበላሽቼ ሁለቴ ፈታሁት።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ፣ ሱቁን እንደዘጋ፣ እየመጣ በርጩማዬ ላይ ይቀመጥ ጀመር። እኔ እሰፋለሁ፣ እሱ ያያል።

«እትዬ ጥድፊያ፣ ማን እያባረረሽ ነው?»

«ሥራ።»

«እኔ እኮ ከኋላሽ ማንም አይታየኝም።»

በዓመቱ እንጋባ አለኝ። ከሱቁ ጀርባ አንድ ክፍል ነበረችው። ግድግዳዋን በራሱ እጅ ቀብቷታል፣ ምዕራብ የሚያይ ሰፊ መስኮት አላት። እሺ አልኩት። ግን መጀመሪያ ሁለተኛ መኪና ልግዛ አልኩ። ገዛሁ። ቀጥሎ ሁለት ሠራተኛ ልቅጠር አልኩ። ቀጠርኩ። ቀጥሎ ደግሞ ዋናው መንገድ ላይ ያለውን ትልቁን ሱቅ ልያዝ አልኩ።

ያደግሁት አንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ለስድስት ነው። እናቴ የሰው ልብስ ስትጠቅም ዓይኗ ፈዞ ቀረ። ከዚያ ክፍል እየሸሸሁ ነበር ያደግሁት፣ የሱን ክፍል ባየሁ ቁጥር ያችኛዋ ትመጣብኛለች። ይህን አንድም ቀን አልነገርኩትም። ለራሴም የነገርኩት አሁን ነው።

እሱ አይቆጣም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ፣ «ያነስኩብሽ እኔ ነኝ?» አለኝ።

«አንተ አይደለህም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

መርፌዬ ውስጥ ክር ማስገባት ያዝኩ። አልገባ አለኝ። እሱ ተቀብሎ አስገባልኝ፣ ጥያቄውንም አልደገመውም።

በመጨረሻ የሠርጉን ቀን ቆረጥን። ሱፉን ራሴ ካልሰፋሁልህ ብዬ ለካሁት። ልክ በመውሰድ አልታማም፣ ሌሎች ሰፊዎች እንኳ ያበላሹትን ወደኔ ይልኩ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ሲለካው ግን ኮቱ ትከሻው ላይ ተንጠለጠለ፣ ሱሪው ወገቡ ላይ ሁለት ጣት ያስገባል። አፈርኩ። በጥድፊያዬ ተሳስቼ ነው ብዬ ስፒል ሰካክቼ አጠበብኩት። እሱም እኔ ስሳሳት ለማየት በመብቃቱ ሲስቅብኝ ዋለ። ወር ቆይቶ ደግሞ ሰፊ ሆነበት። ጨርቁ ነው የሚለቀው ብዬ ነጋዴውን ረገምኩ። እንደገና አጠበብኩት።

ለሦስተኛ ጊዜ ሲለካ ታላቅ እህቱ ልታይ መጥታ ነበር። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት። ከጀርባው ቆሜ ጨርቁን ስሰበስብ አየችኝ።

«አንቺ ልጅ» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ልብሱን ተዪውና ሰውየውን እዪው።»

ቀና ብዬ መስታወቱ ውስጥ አየሁት። አንገቱ ከሸሚዙ ውስጥ ቀጥኖ ወጥቷል፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። አፌ በስፒል ተሞልቷል፣ መናገር አልቻልኩም። እሱ ወለሉን ያያል። ያውቅ ነበር። አንድ በአንድ ስፒሉን ከአፌ አውጥቼ ለምን እንዳልነገረኝ ጠየቅሁት።

«አዲሱን ሱቅ እስክትከፍቺ ብዬ ነው» አለኝ። «ደስ ብሎሽ ነበር እኮ።»

ሐኪሞቹ ጉበቱ ነው አሉን። ዘግይታችኋልም አሉን። እኔ ግን የማውቀው አንድ ነገር ነው፣ ሌላ መፈለግ። ሌላ ሐኪም፣ ሌላ ምርመራ፣ ሌላ መድኃኒት። ከአንዱ ሆስፒታል ወደ ሌላው እየጎተትኩት ዞርኩ። ሁሉም ወረቀቱን አይተው ያንኑ ይደግሙልኛል። አንድ ቀን ኮሪደር ላይ ተራ ስንጠብቅ ራሱን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ «ወደ ቤታችን እንሂድ» አለኝ። ቤታችን ሲል ያኔ ገና መጀመሪያው ነበር።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ከሱቁ ጀርባ ባለችው በዚያችው ክፍል ተጋባን። እህቱና ሁለት ጎረቤቶች ነበሩ። የእኔ ቀሚስ ጠርዙ አላለቀም ነበር፣ የሥራ ልብሴን እንደለበስኩ ቆምኩ። ኮቱ ትከሻውን ስለከበደው እሱም ሸሚዝ ብቻ ለበሰ። እህቱ አጨበጨበች፣ ከዚያ ውጭ ወጥታ አለቀሰች።

የሱቄን ቁልፍ ለሠራተኞቼ ሰጠሁ። መቀመጥ ግን አልቻልኩም። አንሶላ አጥባለሁ፣ ሾርባ አሞቃለሁ፣ ትራስ አገላብጣለሁ፣ ስልክ እደውላለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት ላይ መድኃኒቱን ልሰጠው ስጠጋ እጄን ያዘኝ።

«ዛሬ ምንም አትሥሪ።»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«እዚህ ሁኚ።»

ከጎኑ ተጋደምኩ። ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ አልጋው ላይ ቆየች፣ ቀስ እያለች ወደ ግድግዳው ወጣች። ውጭ አንዲት ሴት ልብስ እያሰጣች ከጎረቤቷ ጋር ትከራከራለች። አውራ ጣቴን እንደያዘ እንቅልፍ ወሰደው። ትንፋሹን እሰማለሁ። ምንም አላሰብኩም፣ ምንም አልጎደለኝም። ሲመሽ ግን ድንገት ፍርሃት ያዘኝ። ሮጬ የማመጣው፣ ሠርቼ የምደርስበት ነገር አልነበረም። ዕድሜዬን በሙሉ ሌላ ሌላ ስል ኖሬ፣ ያን ቀን የፈለግሁት የዚያኑ ዓይነት አንድ ሌላ ከሰዓት ብቻ ነበር።

ሦስት ከሰዓት አገኘን።