ሰባተኛዋ ብልቃጥ

ሥራዬን ለሚጠይቀኝ ሰው «ስኳር እሠራለሁ» እላለሁ። እናቴማ ጎረቤት ሲጠይቃት «ስኳር ፋብሪካ ገብታለች» ብላ ነው የምትገላገለው።

ብርጭቆ ሠሪያችን ግን በዚህ የሚመለስ ሰው አልነበረም። የቤተ ሙከራችንን ዕቃ ብርጭቆ በእሳት እያቀለጠ፣ በአፉ እየነፋ ይሠራልን ነበር፤ ሁላችንም «እፍ ባይ» እንለው ነበር። የሰበርኩትን ቱቦ ጠግኖ ይዞ መጣና፣ «ለመሆኑ ምን እያበሰልሽበት ነው?» አለኝ።

«በሁለት ዓመት ስድስት ስኳሮች አያይዤ ሰንሰለት እሠራለሁ። የማጅራት ገትር ተህዋሲ እንዲህ ያለ ልብስ አለው። ልብሱን ብቻ በክትባት ያየ ሕፃን ሰውነቱ ጠላቱን ቀድሞ ይለየዋል።»

«ስድስት ለማያያዝ ሁለት ዓመት?»

«ስኳር እጁ ብዙ ነው፤ ያገኘውን ሁሉ ይጨብጣል። አንዱን እጅ ትቼ ሌሎቹን ጓንት አለብሳለሁ። መጨረሻ ላይ ሁሉንም አወልቃለሁ።»

ሳቀ። ከዚያ ወዲህ በምሳ ሰዓት «ስንተኛው ላይ ደረስሽ?» ሳይለኝ አያልፍም ነበር። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ኮቴውን መጠበቅ ጀመርኩ። አራተኛው ላይ ወደድኩት። ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት። ስድስተኛው ሲያልቅ ሰንሰለቱን ይዤ ክትባቱ ወደሚሞከርበት ሩቅ ከተማ እንደምሄድ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ለመጨረሻው ሥራ የሚያስፈልገኝ ዕቃ ተሰነጠቀ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ወር ይፈጃል በለኝ እያልኩ በልቤ ለመንኩት። በማግስቱ ጠዋት ዕቃው ተጠግኖ ጠረጴዛዬ ላይ ጠበቀኝ።

«ምን አስቸኮለህ?» አልኩት በቁጣ።

«የእህቴ ልጅ መስማት የተሳናት በዚህ በሽታ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ላዘገየው አስቤ ነበር። ለራሴ ብዬ። ፊቷ መጣብኝ።»

ዓይን ለዓይን ተያየን። መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው፤ እኔ ግን ዕቃውን አንስቼ ወደ ሥራዬ ዞርኩ።

የስኳሩን ጓንቶች አንድ ባንድ አወለቅኩ። ስድስት ብልቃጥ ሞላሁ፤ እሱ አፋቸውን በእሳት ዘግቶ ሳጥን ውስጥ ደረደራቸው። የራሴን ጓንት ሳላወልቅ ሄድኩ።

ደርሼ ሳጥኑን ስከፍት ብልቃጦቹ ሰባት ናቸው። ደወልኩለት።

«ተሳስተሃል፤ አንዷ ባዶ ናት።»

«አልተሳሳትኩም። እፍ ብዬባት ነው የዘጋኋት።»

ስልኩን ዘጋሁት።

ይኸው አራት ዓመት። ስድስቱ ተከፍተው አልቀዋል። ሰባተኛዋ መስኮቴ ላይ ናት። አንዳንድ ቀን አንገቷን ልሰብር አነሳታለሁ፤ ትንፋሹ ከክፍሉ አየር ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋብኛል ብዬ መልሼ አስቀምጣታለሁ።

ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያዋ ሕፃን ተከተበች። ምርር ብላ አለቀሰች፤ እኔም ከእሷ ጋር። ከዚያ ደወልኩለት።

«ተከተበች» አልኩት።

«እሰይ» አለ። «ብልቃጧስ?»

«እንደዘጋሃት ናት። ናፍቀኸኛል። ያኔም ወድጄህ ነበር።»

ትንፋሹ ብቻ ጆሮዬ ላይ ይሰማል። ስልኩን ማናችንም አልዘጋንም።