ወደ ሰማይ የተመለስኩ ቀን

ማመን አለማመን የእናንተ ነው። እኔ የደረሰብኝን ነው የምነግራችሁ... አንድም የጨመርኩበት ነገር የለም።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር። ደመና የሚባል ነገር የለም።

ቦታው ከከተማ ወጣ ያለ፣ ሣር የበቀለበት ትንሽ የአውሮፕላን ማረፊያ ነው። ድሮ እረፍት ባገኘሁ ቁጥር እየሄድኩ በፓራሹት የምዘልበት።

እናቴ ታማ አልጋ ስትይዝ ተውኩት። እሷን ሳገላብጥ፣ ሳጥብ፣ ሳጎርስ ዓመታት አለፉ።

ከዛ እማዬ አረፈች።

አላለቀስኩም።

ለቅሶ ቤቱ ሲንጫጫ እኔ ብርጭቆ አጥብ ነበር። ከዛ በኋላም ያው ነኝ። ምግቡ አይጣፍጠኝ፣ እንቅልፉ አያሳርፈኝ።

"እስኪ ሂጂና ዝለይ" ያለችኝ ታላቅ እህቴ ናት። ድሮ "ነፍስሽን ጠላሽ ወይ?" እያለች መከራዬን ታበላኝ የነበረችው።

"ደንዝዘሻል እኮ" አለችኝ። "ቢያንስ እዛ ትፈሪያለሽ።"

በመኪናዋ አደረሰችኝ።

አሰልጣኜ ያው የድሮው ነው። ከቅጥነቱ የተነሳ "ጭራሮ" ነበር የምንለው። ሁሉንም ከሀ ጀምሮ አስደገመኝ... ዋናው ፓራሹት እንቢ ካለ እንዴት ቆርጬ እንደምጥለው፣ መጠባበቂያውን እንዴት እንደምከፍት። ማሰሪያዬን ራሱ አጠበቀልኝ።

እኔ፣ ጭራሮና አብራሪው ብቻ ነን አውሮፕላኗ ላይ የወጣነው።

አውሮፕላኗ ግን አልነሳ አለች። ሜዳው ሊያልቅ ሲል በግድ ተነሳች።

"ዛሬ ምን ጭናችሁብኝ ነው?" አለ አብራሪው።

"እኔን እንደሆነ ነፋስ ነው የሚወስደኝ፣ እሷን ጠይቃት" አለ ጭራሮ።

ሁለቱም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

በሩ ተከፈተ። ድሮ እዚህ ጋ የበሩን ጠርዝ ሙጭጭ አድርጌ እይዝ ነበር። አሁን ግን... ምንም።

ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ወጣሁ።

ነፋሱ ጆሮ ያደነቁራል። ጭራሮ ፊት ለፊቴ እየወደቀ ነው። በእጁ ምልክት ሰጠኝ። ክፈቺ ማለቱ ነው።

እጄን ወደ መክፈቻው ሰደድኩ...

"ገና ነው።"

ሹክሹክታ ነበር። ጆሮዬ ሥር።

በዛ ነፋስ ውስጥ ሰው ቢጮህ እንኳ አይሰማም። ይሄ ግን ሞቅ ያለ ትንፋሽ ነበረው።

ጭራሮን አየሁት። እጁን ደጋግሞ ያወናጭፋል። ዓይኑ ግን እኔ ላይ አልነበረም... ከትከሻዬ ኋላ ነበር።

መክፈቻውን ሳብኩት።

ፓራሹቱ ተከፈተ። ቀይ፣ ሙሉ፣ እንከን የሌለው። ወዲያው ሁሉም ነገር ጸጥ አለ።

ማሰሪያው ግን ትከሻዬን ይቆርጠኝ ጀመር። እንዲህ ከብዶኝ አያውቅም። የሆነ ነገር ጀርባዬ ላይ ልጥፍ ብሏል።

"ቀስ በይ" አለኝ። "ምን አስቸኮለሽ?"

ድምፁን አላውቀውም። የእናቴ አይደለም። እሱን እርግጠኛ ነኝ።

ልዞር ስል... አገጭ ትከሻዬ ላይ አረፈ።

አልጮህኩም። እጄ ብቻ ሠራ። ዋናውን ፓራሹት ቆርጬ ጣልኩት።

ሸክሙ ከላዬ ተነሳ። ወደቅኩ... መጠባበቂያው ተከፈተ። ቅልል አለኝ።

ሣሩ ላይ አርፌ እዛው ተቀመጥኩ። ቀድሞኝ የወረደው ጭራሮ እየሮጠ መጣ።

"ለምን ቆረጥሽው? ደህና ተከፍቶልሽ ነበር እኮ።"

"ከበደኝ።"

ትከሻዬ ላይ ያለውን ማሰሪያ በጣቱ ዳሰሰ።

"አንተ ምን አየህ?" አልኩት።

"ተይው።"

እህቴ ደረሰች። ፈገግ ብላለች። ልብሴ ላይ የተጣበቀውን ሣር ማራገፍ ጀመረች።

"ብቻሽን የምትዘልዪ መስሎኝ ልቤ ሊወጣ ነበር" አለች። "ቀዩ ሲከፈት ከኋላሽ ሰው መታሰሩን ሳይ ነው ነፍሴ መለስ ያለችው።"

ጭራሮ ፊቱን ከእኔ አዞረና ወደ ሰማይ አንጋጠጠ።

እኔም አየሁ።

ተቆርጦ የተጣለ ፓራሹት እንደ አሮጌ ጨርቅ ተልፈስፍሶ ነው የሚወድቀው። ቀዩ ግን እንደተነፋ ነው። ገመዶቹ ተወጥረዋል። ከሥሩ ማንም የለም።

ቀስ ብሎ ዞረ... ነፋሱን ፊት ለፊት ያዘ... ልክ ሰው ለማረፍ ሲል እንደሚያደርገው።

ሜዳው ዳር፣ ሣሩ ላይ አረፈ።

"ማነው እሱን የያዘው?" አለች እህቴ በሹክሹክታ።



ገመዶቹ ከመሬት ተነሱ። አየር ላይ ይጠቀለሉ ጀመር... ሳይቸኩሉ፣ በሥርዓት።

ከዛ ጨርቁም ተሰበሰበ። ሰው እንደታቀፈው ሆኖ ከፍ አለ...

ቀጥ ብሎ ወደ እህቴ መኪና ሄደ። የኋላው በር ተከፈተ።