የተነሳው ፕላስተር

ወይንእሸት እጇን እስከ ክርኗ እየታጠበች ሳለ በሕፃናት ማሞቂያ ክፍሉ መስታወት በኩል አየችው። የፕላስተሩ አንድ ጫፍ ተነስቷል።

ከፕላስተሩ ስር፣ በወንድሟ እትብት በኩል፣ ቀጭን ቱቦ ገብቷል። ወሩ ሳይሞላ ስለተወለደ መጥባት አልቻለም፤ ምግቡም መድኃኒቱም የሚያልፈው በዚያ ቱቦ ነው። በቀዶ ጥገና የወለደችው እናታቸው ገና ከአልጋዋ ስላልተነሳች፣ እየገባች የምታየው የአሥራ አራት ዓመቷ ወይንእሸት ናት። ነርሷ ሲስተር ጸደንያ የመጀመሪያ ቀን የነገረቻት ከጆሮዋ አልጠፋም። ቱቦው ቀጥታ ደሙ ውስጥ ነው፤ ለትልቅ ሰው ምንም የማትመስል ጀርም በእሱ ከገባች ይህን የሚያህል ሕፃን ትገድላለች። ሳይታጠብ ማንም አይነካውም፤ ፕላስተሩን ደግሞ ከነርስ በቀር ማንም።

ጠዋት አክስቷ እትዬ አስናቀች ከቢቸና ሞጣ ሆስፒታል ድረስ መጥተው ነበር። ነጠላቸው ስር ጸበል የያዘች ትንሽ ጠርሙስ ነበረች። ልጁ ለክርስትናው አርባ ቀን ባይደርስስ ብለው እንቅልፍ አልወሰዳቸውም፤ ቢያንስ ጸበል ይንካው አሉ። ወይንእሸት በር ላይ ቆማ ነርሷ እንዳትመጣባቸው እንድትጠብቅላቸው ለመኗት። እሷም ቢያንስ እጅዎን ይታጠቡ ብላ ነበር።

«ጸበሉን በሳሙና ልታጥቢልኝ ነው፣ የኔ ዶክተር?» አሉ እየሳቁ።

ወይንእሸት በሩ ላይ ቆመች። አክስቷ ጣታቸውን በጸበሉ አርሰው የሕፃኑን ግንባር ነኩ። ቀጥለው ወደ እትብቱ ወረዱና ፕላስተሩን በጥፍራቸው ገለጥ አድርገው እርጥብ ጣታቸውን ከስሩ አስገቡ። ሲወጡ፣ ይህ ነገር ከተሰማ እናቷ ደንግጣ ወተቷ እንደሚደርቅ፣ እሳቸውንም ዳግም እንደማያስገቧቸው ነገሯት።

አሁን ወደ ውስጥ ገብታ ወንድሟን ትክ ብላ አየችው። ደረቱ እንደ ወፍ ጫጩት ከፍ ዝቅ ይላል። ትናንት ሌላ ሕፃን የተኛበት የጎኑ ማሞቂያ ባዶ ነው። የት ሄደ ብላ ለመጠየቅ ፈራች።

ሲስተር ጸደንያ መዝገቧን ይዛ መጣች። በየፈረቃው ፕላስተሩን አይታ ትጽፋለች። ጎንበስ አለችና ቅንድቧ ተሰበሰበ።

«በማሞቂያው ሙቀት ለቆ ይሆናል» አለች፣ እስክሪብቶዋን እየከፈተች።

ወይንእሸት ዓይኗን ወደ መዝገቡ ጣለች። ሙቀቱ ነው። እሷ ምንም ማለት አያስፈልጋትም። ቀና ስትል፣ ከመስታወቱ ውጭ እትዬ አስናቀች ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ያይዋታል። ያው ጣት ነው።

«ሲስተር፣ ገና አይጻፉት።» ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት። «በሙቀቱ አይደለም። ሰው ነክቶታል። በር ላይ ቆሜ የጠበቅኩት እኔ ነኝ።»

ሲስተር ጸደንያ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ፣ ፕላስተሩን ፈትታ ቱቦውን ለማየት እጇን ልትታጠብ ሄደች።